በሙሉ ድምፅ ዘይት ስለተቀባው ወንበርና ስለ እትዬ ነጥብ ስም

ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ (ደወሉ በደንብ የማይሰማበት ቢሮ)

ቀን፦ ሰኞ፣ ሰኔ 16

ጉዳዩ፦ ባላጠፉ ሠራተኛ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ባጠፋው ሠራተኛ ላይ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ (አጥፊው አመልካቹ ራሱ ነው)

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እጅግ ከባድ ነገር ላሳውቅዎ ስለሆነ፣ ይህን ቆመው የሚያነቡ ከሆነ በቅድሚያ ይቀመጡልኝ። ረቡዕ ግንቦት 27 ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ፣ በዚህ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ውሳኔ ያለ ረቂቅ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ክርክርና ያለ ሰብሳቢ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አባላቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ድምፅ ያሰጠሁትም እኔው ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፤ ታናሽ እህቴ እንኳ የቤታችንን ሪሞት አታስይዘኝም።

1. ስለ አመልካቹ ማንነት፦ የድምፅ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከአዳራሹ በላይ ባለችው ባለመስታወት ክፍል ተቀምጬ የተናጋሪውን ማይክ እከፍታለሁ፣ ደቂቃው ሲያልቅ እዘጋለሁ፣ ደወል እደውላለሁ። ማይክ ባፏጨ ቁጥር ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የሚያየው እኔን ስለሆነ መጠሪያዬ «ፉጨት» ሆኖ ቀርቷል። የቴክኒክ ትምህርት እስከ ሁለተኛ ዓመት ተምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ስለደከመው ተለያየን። መንግሥት የሰጠኝ ሥራ ቁልፍ መክፈትና መዝጋት ነው፤ ፈጣሪ የሰጠኝ ደግሞ የሰው ድምፅ መምሰል። በተለይ ያ ከአፍንጫ ተነሥቶ ደረት ላይ የሚያርፈው የክቡር ምክትል አፈ ጉባኤያችን ድምፅ ይሆንልኛል። ሾፌራቸው በዚህ በእኔ ድምፅ ስልክ ተደውሎለት ሁለት ጊዜ መኪና አስነሥቶ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። (ሁለተኛው ቀን ዝናብ ስለነበር ነው።)

2. ስለ ወንበሩ፦ በሦስተኛው ረድፍ ሰባተኛው ወንበር ሲጢጥ ይላል። የሚቀመጡበት የተከበሩ አባል ንግግሩ ሲገባቸው ወደ ኋላ፣ ሳይገባቸው ወደ ፊት የመወዛወዝ ልማድ ስላላቸው ወንበሩ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። ድምፁ በማይክ ገብቶ በቀጥታ የሚደርሰው ዋና ቃለ ጉባኤ ያዣችን ጆሮ ላይ ነው። እኚህ ሴት በዚህ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሰው ንግግር ሲጽፉ ኖረዋል። አንድ አባል ሐሳቡ ጠፍቶት ዝም ሲል «እኔ ነጥብ አድርጌበታለሁ፣ እሱ ገና አልጨረሰም» ስለሚሉ «እትዬ ነጥብ» እንላቸዋለን። ከስብሰባ በኋላ ማዳመጫቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ሲያሹ እያየሁ፣ ወንበሩ ዘይት እንዲቀባ ለጥገና ክፍል አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። አራቱም ጊዜ የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «የበላይ አካል ውሳኔ ሲቀርብ የሚታይ ይሆናል።» በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከምክር ቤቱ በላይ ያለው የበላይ አካል ማን ነው ብዬ ባስብ ባስብ፣ ከጣሪያው በቀር አላገኘሁም።

3. ስለ ዕለቱ፦ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ የከሰዓቱ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት፣ ማይኮቹንና ደወሉን መፈተሽ ግዴታዬ ነው። እንደሚታወቀው ሦስት አጭር ደወል ማለት «ስብሰባ ሊጀመር ነው» ማለት ሲሆን፣ አንድ ረጅም ደወል ማለት «ድምፅ ሊሰጥ ነው፣ ያላችሁበትን ትታችሁ ኑ» ማለት ነው። ረጅሙን ለመፈተሽ ከአንድ ቀን በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ያስፈልጋል። ለጥፌያለሁ። የለጠፍኩት ግን በራሴ ክፍል በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ነው። አንብቤ ተቃውሞ አለመኖሩን አረጋገጥኩ።

ከዚያም ረጅሙን ደወል ተጫንኩ። ማይኮቹን ሁሉ ከፈትኩ። ሌላው ሰው ማይክ ሲፈትሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፤ እኔ ሦስት ድረስ መቁጠር ይሰለቸኛል። ዓይኔን ጨፍኜ (ያ ድምፅ ዓይን ሳይጨፈን አይመጣም) በምክትል አፈ ጉባኤው ድምፅ የሚከተለውን አልኩ፦ «የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ የሦስተኛው ረድፍ ሰባተኛ ወንበር በሦስት ቀን ውስጥ ዘይት እንዲቀባ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።» ደስ ስላለኝ ደገምኩት። ደግሜም አሳመርኩት።

ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ሞልቶ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት እጅ ወጥቷል።

4. ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚለው፣ ከላይ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። አባላቱ የነበሩት ሻይ ክበብ ነው። ረጅሙን ደወል እንደሰሙ ስኒያቸውን ጥለው ሮጠዋል። አስተናጋጇ እስካሁን ባየችኝ ቁጥር «ምን ዓይነት ሕግ ነው ሰው ሻይ የማያስጨርስ?» ትለኛለች። ከሁሉ ቀድመው የገቡት የፊት ረድፍ ተጠሪው ናቸው፤ ለባልደረቦቻቸው መቼ እጅ እንደሚወጣ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር። «የምትደግፉ» የምትለዋን ሲሰሙ ዓይናቸውን ሳያነሡ እጃቸውን አነሡ። ከኋላ የገቡት ደግሞ የሚያዩት የሰብሳቢውን ወንበር ሳይሆን የተጠሪውን እጅ ስለሆነ ያው ተከተሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ውሻው እኔ መሆኔን አምናለሁ። ጅቡን ግን አልናገርም፤ ያለመከሰስ መብት አለው።

ሁልጊዜ የሚቃወሙት አዛውንት አባል እንኳ እጃቸውን አውጥተዋል። ማይካቸው ክፍት ስለነበር ለጎረቤታቸው ያሉትን ሰምቻለሁ፦ «ይቺን እንኳ ልደግፋት፤ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ጆሮዬን በልቶታል።» እንደ እኔ ግምት በዚያ ሰዓት ምን እንደሚደግፉ ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ክቡር ምክትል አፈ ጉባኤው በዚህ መሀል እጃቸውን ታጥበው፣ በወረቀት እያደረቁ በጎን በር ገቡ። የወጣውን እጅ አዩ። ማን አስጀመረ ብለው አልጠየቁም፤ ሰው የለመደውን ሥራ እጁ ራሱ ይሠራዋል። ተቀምጠው «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለው መዶሻውን መቱ። ማይኬ ክፍት ስለነበር «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። ድፍረቴ ግን በሰው ድምፅ እንጂ በራሴ ድምፅ እንደማይሠራ ያን ቀን አወቅኩ።

5. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቃለ ጉባኤ ያዧ ጠረጴዛ ከሰብሳቢው መድረክ ሥር ሆኖ ፊቱ ወደ አባላቱ ነው። እትዬ ነጥብ ሰብሳቢውን አያዩም፤ በማዳመጫ ነው የሚሰሟቸው። ማዳመጫው የሚመጣው ከእኔ ክፍል ነው። ደወል ሰምተው እየሮጡ ገቡ፤ የምክትሉን ድምፅ ሰሙ፤ እጅ አዩ፤ መዶሻ ሰሙ፤ ጻፉ። እኔ ከላይ የቆጠርኩት 163 ነው፤ እሳቸው የጻፉትም 163 ነው። በዚያ ትርምስ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው ቢፈለግ ሌላ አይገኝም።

ውሳኔው በማግስቱ ለጥገና ክፍል ተላለፈ። በሦስተኛው ቀን የጥገና ሠራተኛው የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣና «ለአንድ ወንበር ይሄን ሁሉ ሰው አስቸገራችሁ?» ብሎ ቀባው። እኔ በዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ በተባለበት ቀን ሲፈጸም ያየሁት ውሳኔ ይኸው ነው።

6. ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሊጸድቅ ሲነበብ፣ አንዲት የተከበሩ አባል ተነሥተው «ይህ የወንበር ውሳኔ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሳቀ፣ ጋዜጠኞቹ ሳቁ፤ አልዋሽም፣ እኔም ከመስታወቱ ኋላ ሳቅኩ። ቀጥሎ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት አጣሪዎች ሰየመ። የድምፅ ቅጂ እንዳይሰማ፣ ቅጂ የሚጀመረው ስብሰባው በይፋ ሲከፈት ነው። አጣሪዎቹ እኔን «መሣሪያው ብልሽት ነበረው?» አሉኝ። «መሣሪያው ደህና ነው» አልኩ። እውነት ነው። ብልሽቱ ከመሣሪያው ኋላ የተቀመጠው ስለመሆኑ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። በሕይወቴ በጣም አጭር የተናገርኩት ያን ቀን ሲሆን፣ በጣም ያፈርኩትም በዚያው ነው።

እትዬ ነጥብን ሲጠይቋቸው «የሰማሁትን ጻፍኩ፤ ያየሁትን ቆጠርኩ» ብለው መለሱ። እጅ ያወጡትን 163 ሰዎች መውቀስ ስላልተቻለ፣ «ያልተባለ ነገር መዝግበዋል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የጆሮ ምርመራ ትእዛዝ ለእሳቸው ተሰጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። አህያው እኔ ነኝ። ምርመራውን ሄደው ተመረመሩ፤ ሐኪሙ «እትዬ፣ እርስዎ ከበሩ ማዶ የሚያሙኝን ሁሉ ሳይሰሙ አይቀሩም» ብሎ መለሳቸው።

7. (ክቡርነትዎ ይህን አንቀጽ እንዳላነበቡት ይቁጠሩልኝ።) እትዬ ነጥብ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ምክትሉ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ 'የተከበራችሁ' ብለው አያውቁም። አንተ አልጠረግህም። ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ» አሉኝ። መሬቱን እያየሁ «ታዲያ ለምን አይናገሩም?» አልኳቸው። «ለእኔ ለጡረታ የቀረኝ አንድ ወር ነው፤ አንተ ገና ጀማሪ ነህ። አፍህን ዝጋ፣ ሥራህን ሥራ» ብለውኝ ሄዱ። ከሁለቱ ትእዛዝ አንዱን ብቻ ነው የቻልኩት።

8. ጡረታቸው ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። በዚህ ቤት ወግ፣ ጡረታ የሚወጣ ቃለ ጉባኤ ያዥ በሚይዘው የመጨረሻ ስብሰባ ላይ አፈ ጉባኤው ስሙን ጠርተው ያመሰግናሉ፤ ስሙም ቃለ ጉባኤው ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ያለበት ግን አይጠራም። የእትዬ ነጥብ የመጨረሻ ስብሰባ፣ ምክር ቤቱ ለእረፍት የሚዘጋበት የፊታችን ሐሙስ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ጽፈዋል፤ ያንቀላፋውን ሳይቀር «ተገኝተዋል» ብለው ጽፈዋል። የራሳቸው ስም አንድ ቀን እንኳ አልተጻፈም።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ. በእትዬ ነጥብ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ከሐሙስ በፊት ተነሥቶ፣ ቀኑ ሳይቀየር ስሙ ብቻ ወደ እኔ እንዲዞር፤

ለ. ቃሌ ካልታመነ፣ ክቡርነትዎና አጣሪዎቹ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ እንድትሰሙኝ። ክቡር ምክትል አፈ ጉባኤው ራሳቸው ቢገኙ እመርጣለሁ፤ ጉሮሮ መጥረጉንም ተለማምጃለሁ፤

ሐ. እኔን በተመለከተ የሚወሰነውን ሁሉ እቀበላለሁ። ከድምፅ ክፍል ብነሣ ቅር አይለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን እነሣለሁ። ውሳኔው ራሱ ይሻር ከተባለ ግን ዘይቱን ከወንበሩ መልሶ ማውጣት እንደማይቻል የጥገና ክፍሉ እንዲያውቅልኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በወንበር ዘይትም እንደማይታሽ በራሴ አይቻለሁ። ከላይ «እጅግ ከባድ ነገር» ብዬ ያስቀመጥኩዎትን መልሼ ሳነበው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተነሥተው መቆም ይችላሉ፤ ነገሩ ሲጠቃለል ሁለት ጠብታ ዘይትና አንድ የማያርፍ አፍ ነው። ለዚህች ያህል ሦስት ሰው ሳምንት ሙሉ አጣርቷል። እትዬ ነጥብ የሚያስፈልጋቸው አንድ መስመር ነው። ጸሐፊም መፈለግ የለብዎትም፤ የሐሙስን ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ ስማቸውን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፣ ነጥቡን ጨምረው።

ከአክብሮትና እፍረት ከተቀላቀለበት ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ
«ፉጨት»
የድምፅ ክፍል ሠራተኛ (ይህ ደብዳቤ እስኪነበብ ድረስ)

ግልባጭ፦
ለጥገና ክፍል (ከምስጋና ጋር)
ለእትዬ ነጥብ አልተላከም፤ ዝም በል ብለውኛል።