ንጉሡን ከወለል ያሳዩት የወይዘሮ ሉሴአኔ ቫይኮና የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሉሴአኔ ቫይኮና ከአባታቸው ከአቶ ኢሲሌሊ ቫይኮናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሴታ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. በደሴቶች አገራችን በሎፋቲ መንግሥት በፋንጋሌ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እናታቸው ሰሌን ይታቱ ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፍነው የወንድማቸው ልጆች ነን። በወጋችን የወንድም ልጅ በአክስቱ ለቅሶ ቦታው ምድጃው ዳር እንጂ ሰው ፊት አይደለም፤ ስለዚህ ጎደሬ እየላጥን ጽፈን እንዲያነቡልን ለመጋቢያችን ሰጥተናል። ወረቀቱ ጭስ ጭስ ቢሸት ምክንያቱ ይኸው ነው። ቤተ መንግሥቱም አንድ ነገር ጠይቆናል። አክስታችን የሠሩት ፊልም በዚህ ንባብ ካልተነሳ ሬሳቸው በነገሥታት ሰሌን ላይ እንዲያርፍ እንደሚፈቀድ ተነግሮናል። ሳጥኑ የተቀመጠበትን አይታችኋል፤ የነገሥታት ሰሌን የለም። ፊልሙ ይነሳል።

ወይዘሮ ሉሴአኔ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን የሴቶች ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። መምህሮቻቸው "ጥያቄ ታበዛለች" ብለው በተደጋጋሚ ወላጅ አስጠርተዋል። አባታቸውም በሄዱ ቁጥር "ታዲያ መልሱላት" ብለው ይመለሱ ነበር። ከዚያም ኒው ዚላንድ ተሻግረው የካሜራና የድምፅ ቀረጻ ሙያ ተምረው በ1975 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቴሌቪዥን ገና ስላልነበረን በሬዲዮ ጣቢያው ድምፅ ቀራጭ ሆነው አገለገሉ።

በ1977 የጀልባ ካፒቴን ከነበሩት ከአቶ ሳሌሲ ሎቶአ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን ኬፑኤሊንና ሴት ልጃቸውን ሲላፓን ወለዱ። ካፒቴን ሳሌሲ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው የሁለቱንም ድርሻ ይናገሩ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

የቴሌቪዥን ጣቢያችን ሲከፈት ወይዘሮ ሉሴአኔ ብቸኛዋ ሴት የካሜራ ባለሙያ ሆኑ። በ1986 ቤተ መንግሥቱ የንጉሣውያኑን የዘወትር ሥራ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ፈቀደ። ከውጭ የመጣው አማካሪ ከላይ ሆኖ ለመቅረጽ ረጅም መሰላል አስመጥቶ ነበር። መሰላሉ ከግቢው በር አላለፈም። በአገራችን የማንም ራስ ከንጉሥ ራስ በላይ አይሆንም፤ ካሜራም ቢሆን። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ የነበሩት አቶ ፊሊሞኔ ወይዘሮ ሉሴአኔን ጠርተው "ካሜራሽ ከንጉሡ ጉልበት በላይ እንዳያልፍ" ብለው አዘዟቸው። አማካሪው ተናዶ አገሩ ገባ፤ ሥራው በእርሳቸው እጅ ቀረ።

ሦስት ወር ያህል መሬት ለመሬት እየተንፏቀቁ ቀረጹ። ቀሚሳቸው በመቀመጫው በኩል ሳስቶ አለቀ። ሆኖም ቆሞ ያለ ሰው የማያየውን አዩ። ንጉሡ በበዓል ቀን የየአለቃውን የዘር ሐረግ እስከ ሩቅ አያቱ ሲዘረዝሩ ሕዝቡ በመገረም እጁን በአፉ ይጭን ነበር። ከወለሉ ሲታይ ግን ከዙፋኑ ኋላ ሽማግሌው ሴሚሲ ተቀምጠው እያንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ያቀብላሉ። ንግሥቲቱ ለውጭ እንግዶች "በእጄ የታታሁት" ብለው የሚሰጡት ሰሌን የሚታታው በወይዘሮ ኦኖሊና ጭን ላይ ነበር። ለንጉሣውያኑ ዣንጥላ ይዛ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትንበረከከው ሲኔም ነበረች። ፊልሙ ንጉሡን አላዋረደም። የቦዬ ግብር ሲረከቡ ላባቸው ጠብ እስኪል መሥራታቸውን አሳይቷል። የሠራውን ሰው ሁሉ ነው ያሳየው። በፊልሙ መጨረሻም የሠሩት ሰዎች ስም ከነሥራቸው ተጽፎ ያልፋል።

አቶ ፊሊሞኔ ፊልሙን ባዩ ቀን የሆነውን ካፒቴን ሳሌሲ ከዝምታቸው ወጥተው ደጋግመው ያወሩልን ስለነበር እንዳለ እንጽፈዋለን።

"ይኼ ሽማግሌ እዚህ ምን ይሠራል?" አሉ አቶ ፊሊሞኔ።

"ሥራውን ነዋ፣ ጌታዬ።"

"የንጉሡን ሥራ ቅረጪ ነው ያልንሽ!"

"ዝቅ በይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዝቅ ስል ያገኘሁት እነሱን ነው፤ ምን ላድርግ?"

ሰዎቹም ስሞቹም ተቆርጠው ቢወጡ አክስታችን የጣቢያው ኃላፊ እንደሚሆኑ ተነገራቸው። እምቢ አሉ። ከሥራ ተባረሩ። ፊልሙ ይተላለፍበታል በተባለበት ሰዓት ጣቢያው የመዘምራን ዝማሬ አሳየ። ዝማሬው መልካም ነበር፤ እሱን አንክድም። ወይዘሮ ሉሴአኔ ግን ካሴቱን ይዘው ወጥተው ነበር። የጣቢያው ንብረት ነው ሲሏቸው አዲስ ባዶ ካሴት ገዝተው በምትኩ አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር በባለቤታቸው ጀልባ ጭነው ከደሴት ደሴት እየዞሩ ፊልሙን አሳዩ። ሙኢአቱ ደሴት ሲደርሱ ካሴቱን እንዲወርስ የተላከ ፖሊስ ከፊት ተቀምጦ ጠበቃቸው። ፊልሙ ተጀመረ። የወይዘሮ ኦኖሊና እጅ ሰሌኑ ላይ ሲመላለስ ፖሊሱ ባርኔጣውን አወለቀ። እናቱ ነበሩ፤ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም።

"እትዬ፣ እቺን አንዴ መልሺልኝ እስቲ" አለ።

መለሱለት። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመው መለሱለት። ለአለቆቹ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ስለነበር ምንም አልታየም ብሎ ሪፖርት አደረገ። በጡረታ ላይ ያለው ይህ ሰው ዛሬ ከሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ነው።

ወይዘሮ ሉሴአኔ ዳግመኛ በመንግሥት ሥራ አልተቀጠሩም። ዳቦ እየጋገሩ ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ ለመንደራችን ወጣቶች የካሜራ ሙያ በነፃ አስተማሩ። ካፒቴን ሳሌሲ በ2009 ሲያርፉ እጅግ አዘኑ፣ ቤታቸውም ያኔ ጸጥ አለ። በስተርጅና ተጸጽተው ቤተ መንግሥቱን ይቅርታ ጠይቀዋል የሚል ወሬ ይወራል። ውሸት ነው። የሚያወራውንም እናውቀዋለን፤ ከለቅሶው በኋላ እናነጋግረዋለን።

በስኳርና በኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ወር ሆስፒታል ገቡ። እዚያም የአሁኑ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ መጥተው፣ ስለ ፊልሙ ዝም ከተባለ የነገሥታት ሰሌን እንደሚሰጣቸው በአክብሮት ነገሯቸው። እኛ እግራቸውን እያሸን ነበር።

"ማን ናት የታታችው?" አሉ አክስታችን።

ጸሐፊው "እሱን እንኳ አላውቅም፣ እማማ" አሉ።

"እንግዲያው ይዘኸው ሂድ፣ ልጄ። የማላውቃት ሴት ድካም ላይ አልተኛም።"

ይህን ብለው ውሃ ጠየቁን። ቅር ብሎን ነበር፤ ያ ሰሌን ለቤተሰባችን ምን ያህል ክብር እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። እርሳቸው ግን ጠጥተው ተኙ።

ወይዘሮ ሉሴአኔ ቫይኮና በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ነሐሴ 17 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ምድጃ ዳር ያለነውን ትተው ሄደዋል። በጣም ናፍቀውናል።

ንባቡን ከመዝጋታችን በፊት በቴሌቪዥን እንዳይነበቡ የተከለከሉትን ስሞች መጋቢያችን ያነቡልናል። ስማችሁ ሲጠራ ተነሱ፤ ላለፉትም ልጆቻቸው ይነሱላቸው። ከፊት ወንበር የንጉሡ ወንድም ተቀምጠዋል፤ እርሳቸው ተቀምጠው ሳለ መቆም ነውር መሆኑን አልዘነጋንም። ቢሆንም ተነሱ። የዘር ሐረግ ነጋሪው ሴሚሲ ፓኤአ። ሰሌን የታቱት ኦኖሊና ማታኤሌ፣ እህታቸው ፋካሉኩ፣ ከእነርሱም ጋር ቅጠሉን ያዘጋጁት የቬአ ቤት ሴቶች። ዣንጥላ የያዘችው ሲኔ ቶኒ። ቦዬውን ከማሳ ተሸክመው ያመጡት የፋንጋሌ ሰዎች፤ እናንተ ብዙ ናችሁ፣ ሁላችሁም ተነሱ። ካሜራ፣ ሉሴአኔ ቫይኮና።

እግዚአብሔር የአክስታችንን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልክቶ አንዳችም ሳይቆርጥ ይቀበልልን። አሜን።