ሱባኤ ብገባ ባዶ የተባለው ቤቴ

ለከተማችን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቀይ ቀለም ይዞ የሚዞረው ኮሚቴዎም እንደ ምን ሰነበታችሁ? ይህ የኅዳር ውርጭ ሳይነካችሁ፣ ጉልበታችሁም ሳይዝል፣ በየደጃችን ለመመላለስ ያብቃችሁ እያልሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፍርሃት በስተቀር ደኅና ነኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን የምኖርባት አንዲት ቤት አለችኝ። በነሐሴ እንደ ወትሮዬ ቤቴን ቆልፌ የፍልሰታን ሱባኤ ልይዝ ከማርያም ቅጽር ገባሁ። ጾሙ ተፈትቶ ስመለስ በሩ ላይ «ባዶ ቤት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተጽፎ፣ ሰው በማይኖርበት ቤት ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ግብር እንደሚመለከተኝ የሚገልጽ ወረቀትም ተለጥፎ አገኘሁ። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ኮሚቴው የከተማው እናቶች ከሞላ ጎደል ቤተ ክርስቲያን በሚያድሩበት ሰሞን ቤት ለቤት ለመቁጠር መነሣቱ እጅግ የሚደነቅ ብልሃት ነው። በዚያ ሰሞን ያልተቆለፈ በር ማግኘት ስለሚያስቸግር ሥራው ሳይቀልላቸው አልቀረም። የደብሩ አስተዳዳሪ የአባ ባስልዮስም ቤት ባዶ መባሉን ስሰማ ትንሽ ተጽናንቻለሁ።

2ኛ. አቤቱታ ይዤ ስቀርብ ጸሐፊዎ የት አድሬ እንደነበር በትሕትና ጠየቁኝ። ሱባኤ ሰንብቶ መዋሸት አይሆንልኝምና፣ በቅጽሩ ውስጥ በገዛ እጄ በቀለስኋት የሣር ጎጆ ማደሬን ከነአሠራሯ አስረዳሁ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት እንዳለኝና በእሱም ግብር እንዳለብኝ የሚያስታውቅ ሌላ ወረቀት ደረሰኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ጎጆ ውስጥ እግሬን ስዘረጋ ዝናቡ ጉልበቴ ድረስ ይወርድብኝ ነበር፤ ሣሯንም የሰፈሩ በጎች በመስከረም በልተው ጨርሰዋታል። ዕድሜ ልኬን ድሃ እየመሰለኝ ስኖር ባለ ሁለት ቤት ያደረገኝን መሥሪያ ቤትዎን ውለታ በምን እመልሳለሁ?

3ኛ. እዚህ ላይ እንኳ ማሾፉ አቃተኝ። ሰሞኑን የደረሰኝ ሦስተኛው ወረቀት ቤቴ ዳግመኛ ተዘግቶ ከተገኘ ለሌላ ሰው ተላልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ይላል። ይህን ካነበብሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ፤ በእውነት ፈርቻለሁ። ገበያ አልወጣም፣ ቅዳሴ ቀርቻለሁ፣ መኪና ሲቆም በሰማሁ ቁጥር ሰው መኖሩ እንዲታወቅ ደጃፌ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ያሳለፍነው ሳምንት ፀሐይ እስክትሞቅ ቆሜ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር።

ታናሽ እኅቴ ወሰንየለሽ ደግሞ ራቤል ከተማ ታማ ተኝታለች። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። በየማለዳው እየደወለች መቼ እንደምመጣ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ነገ እላታለሁ። ድምጿ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። ብሄድ ቤቴን እንዳላጣ፣ ብቀር እሷን እንዳላጣ እየፈራሁ እዚሁ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ።

እኅቴን አይቻት እስክመለስ ድረስ ቤቴ ሰው እንዳለበት ይቆጠርልኝ ዘንድ ክቡርነትዎን እለምናለሁ። መልስዎን ግን መጠበቅ አልቻልሁም። ነገ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ፤ እየፈራሁም ቢሆን እሄዳለሁ።

በአንዲት ቤቷ ላይ ሁለተኛ የጨመሩላት፣
ለቸርነትዎ ምስጋና ቃል ያጠራት አክባሪዎ፣
ጥሩሸዋ በኃይሉ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው በሌለሁበት ቢመጣ ተዘግቶ አገኘነው እንዳይል፣ በሩን ሳልቆልፍ ወለል አድርጌ ከፍቼው እሄዳለሁ። ሌባ ቢገባበት ቅር አይለኝም፤ የተሰረቀ ቤት ባዶ እንዳልነበረ ጥሩ ማስረጃ ይሆነኛል። እኅቴን በሕይወት ሳልደርስባት ከቀረሁ ግን፣ ተመልሼ የምገባበት ቤት በእውነት ባዶ ይሆናልና፣ ያን ጊዜ በሩ ላይ የጻፋችሁትን አላጥበውም።