በጉብኝት ቀን ዓሣ ስለሞተብኝ

ለንግድ ስምምነት ክትትል ቢሮ ኃላፊ
ቀን፦ የካቲት 9

ጉዳዩ፦ በእጄ ላይ በሞተ ዓሣ ምክንያት ከሥራ መሰናበቴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፍሳሽ ገንዳ ጠባቂ ነበርኩ። ባለቤቴ እዚያው ማቅለሚያ ክፍል ትሠራለች። ፋብሪካው ጨርቁን ያለ ቀረጥ ውጭ አገር የሚሸጠው ሠራተኛውንም ወንዙንም ላይጎዳ ቃል ገብቶ እንደሆነ፣ ቃሉ መጠበቁን የሚያየውም የእርስዎ ቢሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ስምምነቱ ግሩም ነው፤ ያረቀቀው ሰው እጁ ይባረክ።

1. ቢሮዎ ለጉብኝት ከመምጣቱ በፊት በትሕትና ይደውላል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፋብሪካችንን የወለደችው እናት ብትመጣ አታውቀውም። ተቆልፎ የኖረው የአደጋ ጊዜ በር ይከፈታል፤ ቆሞ የከረመው የፍሳሽ ማጣሪያ ይነሳል፤ ለሠራተኛው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይታደላል። ማታ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ መጋዘን ይመለሳል።

2. በመጨረሻው ጉብኝት ግን ሥራ አስኪያጁን ማጣሪያው ብቻ አላረካቸውም። እንግዶቹ የውሃውን ጥራት በዓይናቸው ይዩ ብለው ነፍስ ያላቸው ዓሦች አስገዝተው ገንዳው ውስጥ አስጨመሩ። ጠባቂያቸውም እኔ ሆንኩ። ዓሦቹ ፕሮግራሙ አልተነገራቸውም መሰለኝ፣ ልዑካኑ ገንዳው ዳር ፎቶ ሲነሱ ትልቁ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። አንዲት ባልደረባዎ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ቀደም ብለው «ተኝቶ ነው» አሉ። እኔ ሞኙ ደግሞ ውሃው ገድሎት ነው አልኩ።

3. በማግስቱ «በቸልተኝነት ዓሣ ገድለሃል» ተብዬ ተባረርኩ። ወደ ሥራዬ ልመለስ አልልም፤ ዓሣ ጠባቂነት አልሆነልኝም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ቢሮዎ የቀረጥ ነፃ መብቱን ሊያነሳ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ የሥራ ጓደኞቼ ጉሮሯችንን ዘጋህብን ብለው ሰላምታ ነስተውኛል። አልፈርድባቸውም። ገበያው ቢዘጋ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ወንበር አያጡም፤ ሜዳ ላይ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ መብቱን እንዳያነሱብን፣ ይልቁንም ከእንግዲህ ሳይደውሉ እንዲመጡ በአክብሮት እለምናለሁ።

በዚህ ነገር ባለቤቴ ከእኔ ጋር አትስማማም። ነፍሰ ጡር ናት፣ የቀለሙም ትነት ደረቷን ይዟታል። «ሳይደውሉ ከመጡማ መሸፈኛውን ማን ይሰጠኛል?» ትላለች። ሳታስል የምታድረው እርስዎ በጎበኙን ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ሳይደውሉ መምጣቱ ለቢሮዎ የሚከብድ ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እስክትገላገል ድረስ መምጣቱ ይቅርና በየማለዳው ይደውሉልን።

ስልክዎን ከሚጠባበቅ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የቀድሞው የገንዳ ጠባቂ