የጥቅምት ሠላሳ ልጆች

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1
ፕሮግራሜ ዛሬም ቆመ። ስክሪኑ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ሌላ ምንም የለም። የክትባት ኃላፊያችን ሲስተር ማርታ ከጀርባዬ ቆማ "አንቺ ልጅ፣ ሐሙስ መኪናው ይወጣል እኮ" አለችኝ። የማላውቅ ይመስል! ወደ ሃና ከተማ የሚሄድ መኪና እንደልብ አይገኝም። እዚያ ደግሞ ትክትክ ገብቷል እየተባለ ነው።

ሥራው ቀላል መሆን ነበረበት። የጻፍኩት ፕሮግራም ኤክሴልን ከጀርባ ይከፍትና በሆዱ የያዘውን ማክሮ፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝር፣ ይሰጠዋል። ማክሮው ቀጣይ ክትባታቸው የደረሰ ሕፃናትን ይመርጣል፣ የየመንደሩን የጥሪ ወረቀት በማይክሮሶፍት ወርድ ያዘጋጃል፣ ስንት የክትባት ብልቃጥ እንደሚጫንም ያሰላል። ማክሮውን ፕሮግራሙ ውስጥ የቀበርኩት የቢሮ ሰው እንዳይነካካው ብዬ ነው። አሁን እኔም አንድ ነገር ልቀይር ስል ሁሉንም እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ፕሮግራሙን ከኮዱ እንደ አዲስ መሥራት አለብኝ። የእጄን አገኘሁ።

ማክሰኞ
ገባኝ! ኤክሴል ተደብቆ ስለሚከፈት ጥያቄ ሲያነሳ የሚያየው የለም። "ምን ላድርግ?" ብሎ መልስ እየጠበቀ እዚያው ይቀራል። ምስኪን። ጥያቄው ምን እንደሆነ ለማየት ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ማክሮው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ስህተት ከገጠመህ ዝለለውና ቀጥል።

በረረ! ማተሚያው ወረቀቱን ሲተፋው ሲስተር አጨበጨበች። ምሳም ጋበዘችኝ። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ።

ረቡዕ
ከሃና ሉቃስ ደወለ፤ እዚያ ልጆቹን የሚከትበው እሱ ነው። ቀድሞ ወሬውን እንዲያዳርስ የተጠሩትን መንደሮች አነበብኩለት።
"የወንዝ ማዶዎቹስ?" አለኝ።
"ከማዶ የተጠራ የለም።"
"አይ እህቴ፣ እንዴት ሆኖ? የወጋኋቸው እኔው ነኝ እኮ። ጥቅምት ሠላሳ፣ በአንድ ቀን ጨረስኳቸው።"

መዝገቡን ከፈትኩ። 30/2 ይላል። ለእኛ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው፤ ኤክሴል ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ፌብሩዋሪን ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ የለውም። ሲጠይቀኝ የከረመው ይህንን ነበር! እንዲህ ያለ ቀን አላውቅም ሲለኝ ዝለል አልኩት፤ ዘለለ። የማዶውን መንደር ሕፃናት በሙሉ ዘለለ። ብልቃጡም የተቆጠረው እነሱን ትቶ ነው።

ሮጬ ለሲስተር ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ በጠዋት ነው የሚነሳው። ትንሽ ላቆየው እችላለሁ፣ ብዙ ግን አይሆንም" አለች።

መብራት ጠፍቷል። ላፕቶፔ ሊሞት ነው። ትዝ ያለኝ ቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ለመዝሙር ኪቦርዱ የተገዛ ሶላር አለ። መዘምራኑ ልምምድ ላይ ናቸው፤ ገመዴን ከነሱ ገመድ አጠገብ ሰካሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እነሱ ሃሌ ሉያ ይላሉ፣ እኔ ኮድ እሰርዛለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቀኑን ኤክሴል አይንካው፤ ፕሮግራሜ ራሱ ይቁጠር። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ናቸው፤ ጳጉሜን ብቻ ለብቻዋ ማስተናገድ ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የት ይገኛል? እኔ ግን ለማያውቀው ሰጠሁት። ዝለል የሚለውን መስመር አጠፋሁ። ኤክሴልም ከእንግዲህ በግልጽ ይከፈት፤ ጥያቄ ካለው ፊት ለፊት ይጠይቀኝ።

ኮምፓይል ሆነ። የማዶ ልጆች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ማልቀስ አማረኝ።

ሐሙስ
መብራት አሁንም የለም፤ ማተሚያው ዝም ብሏል። ሲስተር የክትባት ፍሪጁን ጀነሬተር አስነሳች፤ ፍሪጁን ነቅላ ማተሚያውን ሰካችበትና "ቶሎ በይ፣ ፍሪጁ ብዙ አይጠብቅም" አለች። ጋሽ ታደሰ ውጭ ክላክሱን ያስጮኻል። "ሲመሽብኝ እናንተ ትነዱልኛላችሁ?" ሲል ሰማሁት። ወረቀቱ ወጣ። የማዶውን ሁለቴ አነበብኩት። ሲስተር ብልቃጥ ጨምራ የበረዶ ሳጥኑን ዘጋች፤ መኪናው ሄደ።

ሉቃስ ስልኩ አይሠራም። የማዶ ሰዎች ከብት ተከትለው ርቀው ቢሆንስ? ያ ወረቀት ማንን ይጠራል? ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ዋልኩ።

ዓርብ
ከምሳ በፊት ስልኬ ጠራ። ሉቃስ ነው፤ መስመሩ ይቆራረጣል።
"እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? የማዶዎቹ..." ጠፋ። ተመለሰ። "...ሁለት ቤተሰብ ብቻ ከከብቱ ጋር ወርደዋል፤ ነገ በእግሬ ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ።"
"ሌሎቹስ? ሉቃስ፣ ሌሎቹስ?"
አልሰማኝም መሰለኝ። ስልኩ ግን አልተዘጋም። ከወዲያ አንድ ሕፃን ጮኸ፤ መርፌ የወጋው ሕፃን ጩኸት ነው፣ አያሳስትም። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሲስተር ማርታን ጠርቼ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት።