ላፕቶፔን የከፈተው ሰው

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ላፕቶፔ ነው።

ከፍቼው ፊቴን ታጥቤ ስመለስ እንኳ አይነሳም። አቤቱታ ሊያስጽፉ የመጡ ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው ሲያዛጉ ማየት ሰልችቶኛል። ልጄ ደግሞ ሰሞኑን «አባባ፣ አዲስ እንግዛ፤ አሮጌውን እኔ እወስድልዎታለሁ» ማለት አብዝቷል። ነገሩ አልጣመኝም። ስለ ላፕቶፑ ለዓመታት ትንፍሽ ሳይል ኖሮ አሁን ምን ታየው? አሮጌውንስ ምን ሊያደርገው ነው?

ሳልነግረው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሚሞሪ ተጨምሮ ዲስኩ ቢቀየር ይበቃዋል ብዬ ነው። ጠጋኙ «ነገ ይምጡ» ሲለኝ ዓይኔ እያየ ክፈተው ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ታውቂኛለሽ፣ ሰው አላምንም። ገና ስገዛው በየብሎኑ ላይ ሻማ አንጠባጥቤበታለሁ፤ የነካው ሰው እንዲታወቅ። ሻማው እንዳለ ነበር። ጠጋኙ ፈቅፍቆ ከፈተውና «ምኑን ልጨምርልዎ? ሚሞሪው ተጨምሯል፣ ዲስኩ ተቀይሯል፣ ማራገቢያውም አዲስ ነው። የደከመው ዋናው ቦርድ ነው፤ እሱ መድኃኒት የለውም» አለኝ።

ጮህኩበት። ሻማዬ ሳይነካ ማን ከፈተው? ዓይኔ ሥር ዕቃ ለውጠህብኛል አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። የፈቀፈቀውን ሻማ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ፤ ሥሩ ያረጀ ቢጫ፣ ላዩ ገና ነጭ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሌባ ካገኙ ለእኔም ይላኩልኝ። ሌባ ያወጣል እንጂ ያስገባል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤቴ የሚገባ ሰው አንድ ነው፤ ልጄ። እሁድ እሁድ ይመጣል፤ እኔ ጋደም ስል እሱ ሳሎን ይቀመጣል። የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው እያልኩ ስኩራራበት አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ነበር። ቢጠይቀኝ እምቢ እንደምል ያውቃል። አሮጌውን ልውሰድ ያለውም የእጁ ሥራ እንዳይታወቅበት ነው።

ይህ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላ ነው። አዲስ እንግዛ ባለኝ ቀን «ቢበላሽብዎ እዚህ ይደውሉ» ብሎ የማላውቀው ሰው ስልክ ሰጠኝ። እሱ እያለ የባዕድ ስልክ ምን ያደርግልኛል? ባለፈው ደግሞ ኮቱን ሲያወልቅ ጉርድ ፎቶዎች ወደቁበት፤ እንደ ሰረቀ ሰው ተሽቀዳድሞ ለቀማቸው። አንቺም በስልክ «ብቻህን መዋል አይከብድህም ወይ?» አልሽኝ። ይህን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሁለታችሁ የተመካከራችሁት ነገር አለ። ንገሪኝ አልልሽም። መናገር ያለበት እሱ ነው።

አዲሱን እንዲገዛ ፈቅጃለሁ በይው። ግን ገዝቶ አስቀምጦልኝ እንዳይሄድ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያሳየኝ። ማንበብም ሆነ መተየብ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የቻልኩት፤ ይህ ግን ቶሎ የሚገባኝ አይመስለኝም በይው። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ከቤታችን መንገድ የሚወጣ ካለም በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለስ።

ታላቅ ወንድምሽ