አፉ ወልቆ ጆሮው የቀረ ሬዲዮ

ለውድ ወንድሜ ለነቢዩ ኃይለ ገብርኤል፣ በባሕር ማዶ በተሰሎንቄ ከተማ።

ወንድም ጋሻዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በመቀነት ታስረህ ነው ወደብ የምትውለው? ባለቤትህ ሊያ እንደምን ናት? ልጅህ ዘሥላሴስ ትምህርቱ ቀለለው? ጾሙን እንዴት ይዛችሁታል? ያላችሁበት አገር ሰውም ከእኛ ጋር እኩል ይጾማል ብለኸኝ ስለነበር አብራችሁ ማዕድ እንደማትነጣጠሉ ሳስብ ደስ ይለኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትህ በስተቀር አንዳች አልጎደለብንም። እናታችንን የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበቷን ያዝ ለቀቅ ያደርጋታል እንጂ ደኅና ናት፤ ፀሐይ ልትሞቅ በወጣች ቁጥር ያንተን ነገር ታነሣለች። ልጄ ናዝራዊትም እንግሊዝኛ ማስተማሯን እንደያዘች ነው።

ባለፈው መስከረም በሰው እጅ የላክህልኝን ተገጣጣሚ ሬዲዮ ነገር በስልክ በጠየቅኸኝ ቁጥር «እየሠራሁት ነው» ብቻ እያልሁ ያለፍሁህ ተንኮል ይዤ አይደለም። የሰማሽውን በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፣ የዚህ ሥራ ወጉ ደብዳቤ ነው ያልኸኝ አንተው ነህ። ደግሞም በመካከል አንድ ነገር ገጥሞኝ ነበርና ሳያልፍ ነግሬህ እንቅልፍ ላሳጣህ አልፈለግሁም። አሁን ስላለፈ ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁ።

ካርቶኑን የከፈትሁ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የፈሰሰው ነገር ያልተለቀመ ምስር እንጂ ሬዲዮ አይመስልም ነበር። መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በወገባቸው ቀለም የታጠቁ ፍሬዎች፣ ሁለት እግር ያለው፣ ሦስት እግር ያለው፣ ጥቃቅን ቀለበት። ናዝራዊት የመመሪያውን መጽሐፍ እያነበበች «እማዬ፣ ይሄ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከአንድ የጓዳ አምፖል ባነሰ ኃይል ባሕር ይሻገራል ይላል» ብትለኝ አላመንኋትም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያስጀመረኝም ያው አለማመኔ ነው። ዐርባ ዓመት ሙሉ ብር ሳነጥር የሠራሁት ነገር ሁሉ ከአንገትና ከጆሮ አልፎ የትም ሄዶ አያውቅም።

ብር የለመደ እጅ ይሄ አያቅተውም ብለኸኝ ነበር። መጀመሪያ ያሳሳተኝ ግን ያው የለመደው እጄ ነው። በብር ሥራ ዕቃው በሙሉ እስኪግል፣ መበየጃውም እንደ ውኃ እስኪፈስ ትጠብቃለህ። ስታኞ የሚሉት ይሄ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ግን ትዕግሥት አይወድም፤ ነካ አድርጎ መሸሽ ነው የሚሻለው። እኔ እንደ መስቀል ሳግለው የሰሌዳው የመዳብ መስመር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ያን ቀን ተናድጄ ተውሁት። በማግስቱ ከአንድ የአንገት ጌጥ የተረፈኝን የብር ክር አሳስቼ ቀጠቀጥሁና በተላጠው መስመር ቦታ አነጠፍሁት፤ ያዘ። ስለዚህ ሬዲዮህ ዛሬ በሆዱ የእኛን ቤት ብር ይዟል።

በትንንሾቹ ቀለበቶች ላይ መዳብ መጠምጠሙን ከሁሉ ይልቅ ወደድሁት፤ የጆሮ ጉትቻ የሠራ ሰው ለዚያ ሥራ አይታማም። ሁሉን ገጥሜ ባትሪውን ሳገናኝ ግን ዝም። ሦስት ቀን ያህል በአጉሊ መነጽር እያንዳንዱን ፍሬ ፈተሽሁ። በመጨረሻ ለካስ የጥምጥሙ ሽቦ ቀጭን ቫርኒሽ ለብሷል! ዐይን አያየውም፣ መዳብ ይመስላል፤ ነገር ግን ልብሱን ሳላወልቅ ነው የበየድሁት። ጫፍ ጫፉን በምላጭ ፋቅሁና መልሼ በየድሁት፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ባደርግ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የመሰለ ድምፅ ሞላኝ። ወደ ውጭ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ዝናቡ ሬዲዮው ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መልስ አላጣሁም ብል ውሸት ነው፤ ጥያቄው ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ በደንብ የሚሰማው ጩኸት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የት ይገባል? አንዱ ድምፅ ለምን እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል? መቃኛው ትንሽ ነካ ሲያደርጉት አሥሩን አልፎ ስለሚሄድ የድስት ክዳን የሚያህል የነሐስ መዘውር ሠርቼ ገጠምሁለት፤ አሁን በፀጉር ስፋት ይዞራል። ከእኛ በስተጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት ሲፈጭ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ያ ሞተር በጆሮዬ ውስጥ የሚፈጭ ነው የሚመስለው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሲያማርር ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደዚያ ወዳልነገርሁህ ነገር ልምጣ። አንቴናው ከጣሪያችን ጫፍ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ የተወጠረ ረጅም ሽቦ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋና በመጀመሪያ የልብስ ማስጫ መስሏት ነበር። ልብስ ሳይሰጣበት ወር ሲሞላውና እኔም ጆሮዬን ሸፍኜ መስኮት ሥር ስቀመጥ ስታይ «በሰለች ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የሚል ወሬ ከእሷ ቤት ተነሥቶ ሰፈሩን ዞረ። ጊዜው እንደምታውቀው ሰው ጥላውን የሚጠረጥርበት ነው። እኔን ያመመኝ ግን ሌላ ነው። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአንኮበር ነቅለው ደብረ ብርሃን የገቡት ብረትና ብር የሚያቀልጥ ሰው ዐይኑ ይፈራ ስለነበር ነው። አንተ አትደርስበትም፤ እኔ ምንጭ ስወርድ እንስራቸውን የሚከድኑብኝ ነበሩ። ያ ነገር ሞቷል ብዬ ዐርባ ዓመት ኖሬ፣ ፋና ሳልፍ ባየችኝ ጊዜ በሯን ስትዘጋ ያ የእንስራ ክዳን ታወሰኝ።

ጥር ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሚሊሻዎች የቀበሌያችንን የጸጥታ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስን ተከትለው መጡ። ሃምሳ አለቃ ሽማግሌ ናቸው፣ አነጋገራቸው ቁጥብ ነው። ዕቃውን መደበቅ እችል ነበር፤ ነገር ግን የተደበቀ ነገር ሲገኝ ምን እንደሚባል ስለማውቅ ክዳኑን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁላቸው። «ይሄ ይሰማል ወይስ ይናገራል?» አሉኝ። «ሁለቱንም ይችላል፤ ፈቃድ ስለሌለኝ ግን ተናግሬበት አላውቅም» አልኋቸው። «አለመናገርሽን በምን አውቃለሁ?» አሉ።  ናዝራዊት እጄን ያዘችኝ።

ሃምሳ አለቃ ሊያጣሩ ማዳመጫውን አደረጉ።  ብመለከት፣ ነቢዩ፣ ጣታቸው ጠረጴዛውን ነካ፣ ነካ ያደርጋል። ከዚያ «ይህ ሰው ኢቫን ይባላል፤ ስሙን ደጋግሞ ይናገራል፤ ዝናብ እየዘነበበት ነው» አሉ። ሚሊሻዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለካስ ሰውየው በድሮው ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ይህን የነጥብና የሰረዝ ቋንቋ፣ ሞርስ የሚሉትን፣ በጆሯቸው ሰምተው አያውቁም። በኋላ ስንለማመድ «የመጨረሻውን መልእክት ተቀብዬ የማደርሰው አለቃ አጣሁ፤ ወረቀቱን ኪሴ ይዤ አገሬ ገባሁ» ብለውኛል። ምን ይል እንደነበር አልጠየቅኋቸውም።

ያን ቀን ግን አልራሩልኝም። «መናገር የሚችል ነገር ያለ ፈቃድ ቤትሽ ትቼ ብሄድ ነገ እኔም እጠየቃለሁ» አሉ። ወስደውት ሊሄዱ ሲሉ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «አፉን ባወልቅልዎትስ? ጆሮውን ይተዉልኝ» አልሁ። ድምፁን አጉልታ ወደ ሽቦው የምትልከው ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር የትኛዋ እንደሆነች አሳየኋቸው። መበየጃውን አሙቄ በፊታቸው ነቀልኋት። በወረቀት ጠቅልለው አተሙባት፣ እኔም ፈረምሁ፣ ቀበሌው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ማመልከቻውን አብረውኝ የጻፉት እሳቸው ናቸው። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው ሐሙስ ሐሙስ መጥተው ቢሰሙ ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው ሞርስ የተማርሁት። በትንሿ መዶሻ ብር የምቀጠቅጥበትን መስፍ እየመቱ ያስተምሩኛል፤ የፊደል ቅርጽ አትይ፣ ዜማውን ስሚ ይሉኛል። ወይዘሮ ፋናም የሃምሳ አለቃን መመላለስ አይታ በየካቲት አጋማሽ መጣች። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አላነሣሁባትም፤ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ምን እንደሚሉ ስትጠይቀኝ ስማቸውንና አገራቸውን ይናገራሉ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደሚሰሙ ይጠይቃሉ አልኋት። «ይኼን ሁሉ ሽቦ ወጥረው ትሰማኛለህ ወይ ለመባባል ብቻ?» አለች። ትንሽ አሰበችና ማዳመጫውን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። አሁን በሯን አትዘጋም።

በየእሑዱ በእኛ ዐሥር ሰዓት፣ በእናንተ ዘጠኝ ሰዓት በራሴ ሬዲዮ እጠራሻለሁ ያልኸኝን ቀጠሮ ከየካቲት ጀምሮ አላጓደልሁም። ግን ወፍጮው እሑድም ይፈጫል፤ ካንተ ወገን አንዳች አልሰማሁም። «ይህ ሰው በከንቱ እየጮኸ ነው» እያልሁ ሳዝን ሃምሳ አለቃ አንኮበር እንውጣ አሉ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቀን፣ የቀበሌውን ማኅተም የያዘ ወረቀት ይዘን፣ ባለፈው እሑድ መጋቢት 14 ቀን ሄድን። ናዝራዊትም አብራን ነበረች። ከአባታችን የድሮ ቤት ፍራሽ በላይ ካሉት ሁለት ጥዶች መካከል ሽቦውን ወጠርን። ከታች ከአሊዩ አምባ በኩል ጉም ይወጣል፤ ጣቴ ደንዝዞ መዘውሩን በመዳፌ ነበር የማዞረው። የወፍጮ ድምፅ የለም፣ የመብራት ሽቦም ሩቅ ነው። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በማዳመጫ ሰምቼ አላውቅም።

ዐሥር ሰዓት አለፈ። ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ መጣ። አንድ ነጥብ። አንድ ሰረዝ። ከዚያ ነጥብና ሰረዝ። ሃምሳ አለቃ ሁለተኛውን ማዳመጫ ይዘው «ይሄ መልእክት አይደለም፣ የሞርስ መምቻ ቁልፉን የሚሞክር ሰው ነው» አሉ። እኔ ግን በፈረንጅ ፊደል ጻፍሁት፤ ኢ፣ ቲ፣ ኤ። ቀጥሎ ኤል መጣ፣ ቀጥሎ ኢ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ፣ ኤም። ናዝራዊት ከትከሻዬ በላይ ሆና ወረቀቱን አነበበችና «እማዬ፣ እታለም ነው የሚለው» አለች። ከአፍህ ካልሆነ ከማንም ሰምቼው የማላውቀው ስሜ ነው። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እጄ ሳላውቀው የራሴን ሬዲዮ መምቻ ቁልፍ ነካ። ስምህን መታሁ። በጆሮዬ ሰማሁት፤ ከሣጥኑ ግን ወጥቶ አልሄደም፣ አፉ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንተ ጠርተህ ዝም ትላለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ትጠራለህ። ሰባት ጊዜ ጠራኸኝ። ሰባት ጊዜ መለስሁልህ። ዐሥር ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ላይ ጉም ውስጥ እንደሚገባ ሰው ጠፋህ። ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ከሐዘን ነው ብዬ አልዋሽህም፣ መጥፎም አልነበረም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሰምቼሃለሁ። ሃምሳ አለቃ በወጉ ይጻፍ ስላሉ፣ የድምፅህ ንባብ ሦስት፣ ጉልበቱ ሦስት፣ ጥራቱ ዘጠኝ ነበር፤ በግድ የሚሰማ፣ ግን የጠራ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ኤልህ ትቸኩላለች። ሰረዟን አስረዝማት፣ ያለዚያ ሌላ ፊደል ትመስላለች። ልጅ ሆነህም ወናፍ ስትነፋ እንዲሁ ትቸኩል ነበር።

ለሊያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ አንኮበር ላይ ነፍሴን አትርፎኛል በልልኝ። ዘሥላሴን ግንባሩን ሳምልኝ። እናታችን በቀን ሦስት ጊዜ ትባርክሃለች፤ «አባትህ ቢሰሙ ኖሮ ሥራ ፈት ይሉ ነበር፣ ከዚያ ግን ራሳቸው ይሰሙ ነበር» ብላለች። ናዝራዊት አጎቴ ትልሃለች። ወይዘሮ ፋናም በሌለሁበት መጥታ ሰላም በይልኝ ብላ ሄዳለች። ሃምሳ አለቃ ኃይለኢየሱስ ከመመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ያገኙትን የሰላምታ ቁጥር ልከውልሃል፤ በሬዲዮ ሰዎች ዘንድ ባልደረባ ለባልደረባው ሰባ ሦስት ይላል ይባላል፣ እሱን ነው። ለሚወዱት ሰው የሚላከው ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው አሉ፤ ናዝራዊት አነበበችልኝ፣ እኔም በመዶሻዬ መስፉ ላይ ተለማመድሁት።

ሰማንያ ስምንት፣ ወንድሜ።

እኅትህ በሰለች ኃይለ ገብርኤል
ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.