እርሳስ የሌለበት ብልጭታ

እናትዬ፣ የኔ ደግ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እንጅባራ መጥቼ፣ አንቺ ፀሐይ ትሞቂበት የነበረው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፀሐይ እንኳ የለችም፤ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። የአክስቴ ልጅ ጌታቸው የጓሮውን ቀርከሃ ቆርጦ አጥሩን አድሶታል። ድንቹም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። አንቺን አዝሎ ሐኪም ቤት ያወረደበት ጭቃ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ አሁን ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ባየሽው እያልኩ ነው የምመላለስበት።

ያን ጊዜ ደም ግፊትሽ አልወርድ ብሎ፣ ፊትሽ አብጦ፣ ጠበሉንም ክኒኑንም ሞክረን ግራ ገብቶን ነበር። አንዱ ወጣት ሐኪም ነው አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ “እማማ፣ በልጅነትዎ ምን ይሠሩ ነበር?” ያለሽ። ደምሽ ተመርምሮ ሲመጣ እርሳስ ተገኘበት አለን። አክስቴ ደንግጣ፣ “እርሳስ ደግሞ ማን አስዋጣት?” ስትል፣ የምንጽፍበት መስሏት መሆኑ ሲገባሽ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ሐኪሙ ግን ስለ ብረቱ ነበር የሚናገረው። አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል አለን። ኩላሊትሽን የጎዳው እሱ ብቻ ነው ብሎ መማል እንደማይችልም አልደበቀንም።

የወጣትነትሽን ነገር የነገርሽኝ ያን ሳምንት ነው፤ በአገውኛ ጀምረሽ በአማርኛ እየጨረስሽ። እዚሁ አጠገብ ካለው ከዘንገና ወጥተሽ ሩቅ አገር ፋብሪካ ስትገቢ ገና ኮረዳ ነበርሽ። ለመንገድ ሥራ ደንጊያ የሚያፈርሰውን ፈንጂ የምትቀሰቅስ አንዲት ትንሽ ቱቦ አለች። እናንተ ሴቶቹ ዱቄት ትሞሉባት ነበር። ያ ዱቄት እርሳስ አለበት። ጣታችሁ ላይ፣ ቀሚሳችሁ ላይ ይቀራል፤ በዚያው እጅ ምሳችሁን ትበላላችሁ። እኔን ያረገዝሽ ጊዜ፣ አብራሽ የምትሠራው እትዬ ተዋበች፣ ጽንስ እየወረደባት የተቸገረችው፣ ክንድሽን ይዛ፣ “አንቺ ውጪልኝ፤ ይሄ ቤት ልጅ አያስቀምጥም” አለችሽ። እዚያ አገር የምትጠጊበት ዘመድ አልነበረሽም። አባቴም በሕይወት አልነበረም። ግን ልብስሽን ጠቅልለሽ ወጣሽ። እዚሁ እንጅባራ ተመልሰሽ፣ ገበያ ድንች እየቸረቸርሽ አሳደግሽኝ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር ኬሚስትሪ የተማርኩት። አንቺ ሆስፒታል በተኛሽበት ወቅት ደግሞ፣ ያንኑ ዱቄት ያለ እርሳስ ለመሥራት የሚመራመር ቡድን ነይ ብሎኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ስነግርሽ አፍጥጠሽ አየሽኝና፣ “እኔ ከፈንጂ ሸሽቼ ወለድኩሽ፣ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢ!” አልሽኝ። እርሳሱን ከዱቄቱ ልናስወጣው ነው አልኩሽ። አንቺም እጄን ያዝሽና፣ “ግቢ በቃ። ደንጊያውም ይፈለጥ፣ መንገዱም ይሠራ። ሴቶቹ ብቻ አይታመሙ” አልሽ። ይህን ስላልሽኝ አመሰግንሻለሁ፣ እናትዬ። ከልክለሽኝ ቢሆን እቀር ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም። የምንፈልገው ዱቄት ሲቀሰቅሱት ወዲያው የሚነሣ፣ ሳይነኩት ደግሞ ዓመታትን አርፎ የሚተኛ መሆን አለበት። አንዱን ስናገኝ ገና ሲነኩት የሚቆጣ ሆነብን፤ ተውነው። ሌላው ቤተ ሙከራ ውስጥ እሺ ብሎ፣ እንደኛ አገር ያለ እርጥበት ሲያገኘው አልነሣም አለ። ሁሉን ጥዬ ልመለስ ያልኩበት ጊዜ ነበር። ያኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ሳይንስ አልነበረም፤ ቀሚሳችሁን እያራገፋችሁ ምሳ ስለምትቀመጡት ስለ እናንተ ነበር።

በዚህ በጋ መጨረሻ፣ ዳንግላ አቅራቢያ ባለ የድንጋይ ማውጫ፣ የእኛ ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተ ሙከራ ውጭ ተሞከረ። ሰው ሁሉ ርቆ ቆመ። ፊሽካ ተነፋ። ከዚያ ምድሩ ተንቀጠቀጠና ገደሉ እንዳለ ተንዶ ወረደ። ባልደረቦቼ ሲጨባበጡ እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ። ቀጥዬም ለእትዬ ተዋበች ደወልኩላት። አርጅታለች፤ ጆሮዋም ደክሟል። ሁለት ጊዜ ከነገርኳት በኋላ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። እርግጥ ፋብሪካዎች እስኪቀበሉት ብዙ ፈተና ይቀረዋል። ቢሆንም ይሠራል፣ እማ። ያለ እርሳስ ይሠራል።

አንድ ወሬ ለመጨረሻ አቆየሁልሽ። አርግዣለሁ። ስናገር አለቃዬ ከዱቄቱ አርቆ ወደ ስሌቱ ክፍል አዛወረኝ፤ ወንበሬም ደመወዜም አልተነካም። አንቺ ለእኔ ስትይ ሁሉን ጥለሽ ወጣሽ። እኔ ምንም ሳልጥል ልጄን እጠብቃለሁ። ሴት ከሆነች ስምሽን እሰጣታለሁ። ወንድ ከሆነ ደግሞ፣ አያቱ ገና ፊቱን ያላየችውን ልጅ ለማትረፍ ልብሷን ጠቅልላ ብቻዋን የወጣች ሴት እንደነበረች፣ አፉን ሲፈታ ጀምሬ እነግረዋለሁ።

ልጅሽ